ሮቢት ማን ታስሮብህ ነው?

ሸዋ ሮቢት ልሄድ ነው ስለው የሥራ ባልደረባዬ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ውይ፣ ማን ታስሮብህ ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም። ብዙ ሰው ሮቢትን የሚያውቃት በማረሚያ ቤቷ ነው። የቀረው ደግሞ ደሴ ሲሄድ ምሳ የበላባት ከተማ ናት። እኔም ሦስት አራት ጊዜ ጥብስ በልቼባት አልፌያለሁ። ዘንድሮ ግን ሁለት ሌሊት ላድርባት አሰብኩ። አክስቴን ይዤ ወጣሁ። አክስቴ መንዝ ተወልዳ ያደገች ሆና ቆላውን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። «እታለም፣ ሮቢት እሳት ነው፤ ጋቢሽን ተይው» አልኳት። ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ በነሐሴ፣ ለደብረ ብርሃን መንገደኛ ጋቢ ተይው ማለት ግፍ ነው። ከላምበረት መናኸሪያ 12 ሰዓት ላይ ተነስተን ደብረ ብርሃን ለቁርስ ስንወርድ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ ከተማ መተከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ጃኬቴን ሰጠኋት፤ ቀሪውን መንገድ እኔ ተንቀጠቀጥኩ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ በሠራው ዋሻ ገብተን በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ግን መሬቱ ከእግራችን ሥር የጠፋ መሰለ። ገደል ብቻ ነው። ከዚያ ቁልቁል ነው፤ እየተጠማዘዙ መውረድ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። አክስቴ አንዷን ሻጭ «ገብሱ አልተነቀሰም» ብላ ተከራከረቻት፤ ሲቀመስ ተነቅሷል። ከደብረ ሲና በኋላ ጃኬቱ ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ተከፈተ። ደጋና ቆላ በአንድ ሰዓት መንገድ! ለእኔ የዚህ ጉዞ ግማሹ ነገር ይኼ ቁልቁለት ነው። ከአዲስ አበባ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሌላ አገር የገባችሁ ያህል ነው የሚሰማችሁ።

የደረስነው 6 ሰዓት ላይ ነው። ይሄ ሁለተኛው ጥፋቴ። በዚያ ሰዓት ሮቢት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ከተማዋ የጠዋትና የማታ ከተማ ናት። ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ገበያው ይሞቃል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ፣ ማሾ። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ተኙ። እኔ ይህን የተማርኩት ራስ ምታት ይዞኝ ነው። ያረፍንበት ፔንሲዮን ደግሞ አጎበሩ ከአንድም ሁለት ቦታ ተቀዶ ነበር። አገሩ የወባ አገር ነው፤ የራሳችሁን አጎበር ያዙ።

ወንዙን ያየሁት በማግስቱ ነው። ሮቢ ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ግን አሸዋና ድንጋይ ነው። ውሃው መሀል ላይ እንደ ቀጭን መቀነት ይሄዳል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አይሱዙ ላይ አሸዋ የሚጭኑ ወጣቶችም ነበሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ደመና የለም። ነጠላ ጫማዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እግሬን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ።

ድንገት አሸዋ ጫኞቹ ተፏጩ። አይሱዙው ተነሳ። ሴቶቹ እርጥቡን ልብስ እንዳለ ጠቅልለው ወጡ። አንድ ሽርጥ ያገለደሙ አዛውንት ከዳር ሆነው በዱላቸው ወደ ምዕራብ እያሳዩ «ልጄ፣ ውጣ! ደጋው ጠቁሯል» አሉኝ። ዞሬ ባይ የደብረ ሲና ተራራ ጫፉ የለም፤ ደመና ውጦታል። «አባባ፣ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው» አልኳቸው። ይሄን ሳስታውስ እስካሁን አፍራለሁ። «ውሃው እዚህ አይዘንብም» አሉኝ። «ውጣ!»

ወጣሁ። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ከባድ መኪና ኮረት ላይ የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ግንባሩ ታየ። ውሃ አይመስልም፤ ጉድፍ፣ ገለባ፣ ቅርንጫፍና አረፋ ተጠቅልሎ ይንከባለላል። አንድ ቢጫ ጀሪካን ላዩ ላይ ይጨፍራል። ያ ቀጭን መቀነት በደቂቃዎች ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ጫማዬን ከነድንጋዩ አላየሁትም። ሽማግሌው ባዶ እግሬን አይተው ሳቃቸውን ሊደብቁ ሞከሩ፤ አልቻሉም። እዚያው ቆመን አወራን። ክረምት ላይ ወንዝ የሚገባ ሰው ሰማዩን ሳይሆን ተራራውን ነው የሚያየው አሉኝ። ከብት እንኳ ከሰው ቀድሞ ይወጣል አሉ፤ ሲናገሩ እኔን እያዩ ነው።

ስለዚህ የምትሄዱ ከሆነ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። ዝናቡ ያባራል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ እነዚህ ዓመታት ለአካባቢው ቀላል አልነበሩም።

ሦስተኛው ጥፋቴ ስስት ነው። አካባቢው የድሮው ይፋት ነው፤ የወላስማ ሥርወ መንግሥት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1285 ገደማ ጀምሮ የገዛው ምድር። ራቅ ብሎ ጥንታዊው የጎዜ መስጊድ አለ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር አለች። ሁሉንም በሁለት ቀን ልጨርስ ነበር ያሰብኩት። ጎዜ ሳልሄድ ቀረሁ፤ መኪና ስፈልግ ቀኑ መሸ። አንኮበር ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጉዞ ይፈልጋል። ተውኩት። አክስቴ በበኩሏ ምንም አልጎደለባትም። ከአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ቡና ሲጠጡ ውለው ስለ ልጆቻቸው ትዳር ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ስንመለስ ጉሙ ገፎ ስለነበር ጣርማ በር ላይ ጭላዳዎቹን አየናቸው። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እንደ አራሚ ሴት ሣር የሚነጩ። ሾፌሩ ለሽንት አቁሞ ነበር። አክስቴ ከደብረ ሲናው ቆሎ ዘግና እጇን በመስኮት አወጣች።

«ማዘር፣ እንዳይሰጡት!» አለ ረዳቱ። «መንገድ ላይ መቆም ይለምድና መኪና ይበላዋል።»

እጇን መለሰች። ጭላዳውን እያየች ቆሎውን አንድ በአንድ ራሷ በላችው፤ በሌላ እጇ ጃኬቴን ከጉልበቴ ላይ እየሳበች።