ለፕሬሪ ዶግ አደን የጠመንጃዬን ሃንድጋርድ ስመርጥ

ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ሐበሻ አይጠፋም፤ አደን የሚወጣ ሐበሻ ግን እምብዛም ነው። እኔን ያስለመደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቤተሰቦቹ ከሚዙሪ ወንዝ ማዶ ከብት ያረባሉ። ፕሬሪ ዶግ የምትባለው ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ በመንጋ እየሰፈረች ግጦሹን ታራቁትባቸዋለች፤ ፈቃድ ይዞ ለሚመጣ አዳኝ በራቸው ክፍት ነው።

የያዝኩት 223 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚጎርስ ኤአር-15 ጠመንጃ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሃንድጋርዱ፣ ማለትም በርሜሉን ከብቦ ግራ እጃችን የሚያርፍበት ክፍል ነው። አገር ቤት ምንሽር የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ በርሜሉ ሲግል እጅ እንዳያቃጥል እንጨት ይለብሳል።

ጠመንጃዬ ሲገዛ የነበረው ሃንድጋርድ ሁለት ክፋይ ፕላስቲክ ሲሆን የፊተኛው ጫፉ በርሜሉ ላይ በታሰረ ቆብ ይያዛል። ስለዚህ በአሸዋ ከረጢት ስናስደግፈው ወይም ባይፖዱን (ከፊት የሚታሰረውን ባለ ሁለት እግር መደገፊያ) ተጭነን ስንተኛ ክብደቱ በርሜሉ ላይ ያርፋል። ጫናው በተለዋወጠ ቁጥር ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታም ይሸሻል። ለአጋዘን ይህ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ፕሬሪ ዶግ ግን ቀጥ ብላ ስትቆም ወገቧ ከመዳፍ አይሰፋም፤ 200 ያርድ ላይ ሁለት ኢንች መሸሽ ማለት መሳት ነው፣ ሲብስም አቁስሎ መልቀቅ። እንስሳ አቁስሎ መተው ደግሞ ለእኔ ነውር ነው።

ስለዚህ ፍሪ ፍሎት የሚባለውን መረጥኩ። ይህ በርሜሉ ከጠመንጃው አካል ጋር በሚገጥምበት ጫፍ ባለው ማሰሪያ ብቻ ይያዛል፤ ከዚያ ወደ ፊት በርሜሉን የትም አይነካም።

ቅርጹ ላይ ብዙ አሰብኩ። በአራቱም ጎን ጥርስ ያለው ዓይነት ይከብዳል፤ ጥርሱም ከረጢቱን ይይዛል፣ እጅን ይቆረቁራል። ድፍኑ ክብ ቱቦ ከረጢት ላይ ያለ ችግር ይንሸራተታል፣ ነገር ግን ሙቀት ያፍናል። በበጋ በተከታታይ ሲተኮስ ከጋለው በርሜል የሚነሳው ወላፈን በመነጽሩ ፊት እየተርገበገበ ዒላማውን ያስጨፍራል። ስለዚህ 15 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ክብ፣ ኤም-ሎክ የሚባለው ዕቃ ማሰሪያ ቀዳዳ ያለው አሉሚኒየም ገዛሁ። ሙቀቱ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ ባይፖዱም ከፊት በቀጥታ ይታሰራል። ርዝመቱ የጋዝ ብሎኩን (በርሜሉ ላይ ተቀምጦ የተኩሱን ጋዝ ወደ ጋዝ ቱቦው የሚያስገባውን ክፍል) ስለሚሸፍን ብሎኩ ዝቅ ያለ መሆኑን አስቀድሜ አረጋገጥኩ። በጥር ብርድ ቀበሮ መሰሉን ኮዮቲ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ይሻላል፤ አሉሚኒየም በዳኮታ ክረምት በጓንት ውስጥ እንኳ ጣት ያደነዝዛል።

ሥራውን የሠራልኝ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። በወታደራዊው መመሪያ የበርሜሉ ማሰሪያ ከ30 እስከ 80 ፉት-ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይጠብቃል፤ የጋዝ ቱቦውም በማሰሪያው ጥርሶች መካከል ሳይታሽ ማለፍ አለበት። ጥርሱ ከቱቦው ጋር ካልገጠመ ወደ ኋላ መፍታት የለም፣ ትንሽ ጨምሮ ማጥበቅ ነው። ሲጨርስ ቀጭን ወረቀት በበርሜሉና በሃንድጋርዱ መካከል ከፊት እስከ ኋላ አሳልፎ አሳየኝ።

ለመሞከር የምታስቡ፣ ሃንድጋርድ ከተቀየረ በኋላ መነጽሩን እንደገና ዒላማ ላይ አስተካክሉ። የምትሄዱበትንም ቦታ አጣሩ፤ ለምሳሌ እዚሁ ደቡብ ዳኮታ ያለው ኮናታ ቤዚን ፕሬሪ ዶግ በልተው የሚኖሩት፣ ጥቁር እግር ፌረት የሚባሉት ብርቅዬ ትናንሽ አውሬዎች ስላሉበት እዚያ መተኮስ ክልክል ነው።