በጀርባው ላይ አንድ ቪቴ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017

ዛሬ ከሰዓት ሙቀቱ አይጣል ነበር። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር እንኳን ቅጠል አይነቃነቅም። ልጄ ቬንትሌተሩ ፊት ወለል ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰውዬዎች አቁሟል። ሰውዬ የምለው አክሽን ፊገር የሚባለውን መጫወቻ ነው፤ እኛ ቤት ከድሮ ጀምሮ ስሙ ሰውዬ ነው። አንደኛው የእኔ ነው፤ እጄ ከገባ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ሌላኛው የእሱ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ የመጣ፣ ገና የሁለት ወር ዕቃ። የእኔው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የእሱ ግድግዳ ካልተደገፈ ይወድቃል።

"አባዬ፣ ያንተ ለምንድን ነው የማይወድቀው?" አለኝ።

"የድሮ ዕቃ እኮ ነው!" ብዬ ልገላገለው ነበር። ሁላችንም የምንለው ነው። ግን ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አይገባውም። ማታ ሲተኛ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የእኔን ያመጣልኝ አባቴ ነው። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ መካኒክ ነበር። አንዳንዴ ለሥራ ከባቡሩ ጋር አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን አልፎ ጅቡቲ ድረስ ይወርዳል። በ1982 ዓ.ም. አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ሰጠኝ። ሀገራቸው የሚመለሱ ፈረንሳዮች ጥለውት የሚሄዱትን ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛት። ስፈታው አንድ ወታደር ወጣ። ከጣቴ ትንሽ የሚረዝም፣ አረንጓዴ የለበሰ። ጠመንጃው የለም፤ ሳይመጣ ነው የጠፋው። ታፋው ላይ በጣም በደቀቀ ጽሑፍ 1986 ተብሎ ተቀርጿል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ያኔ የሰፈራችን ልጆች መጫወቻ ብይ፣ ቆርኪና ራሳችን የምንሠራት የሽቦ መኪና ነበር። ክንዱ የሚታጠፍ ሰውዬ ማንም አልነበረውም። ደቻቱ ወንዝ ደረቅ ሲሆን አሸዋው ላይ በተራ እንጫወትበት ነበር። አሸዋ ውስጥ ቀብረነው ስንት ጊዜ ፈልገን አውጥተነዋል። የአንድ እጁን አውራ ጣት የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ወፍራም እንጨት በግድ ላስይዘው ስል።

ከዓመት በኋላ ወታደሬ ከወገቡ ላይ ለሁለት ተለያየ። ደረትና ክንዱ በአንድ እጄ፣ እግሩ በሌላው እጄ ቀረ። እንዴት እንዳለቀስኩ እናቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። አባቴ ምንም አላለኝም። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋ፣ ትንሿን ካቻቪቴ አመጣ። ወታደሩን በደረቱ ደፋው። ጀርባው መሐል አንዲት ቪቴ አለች። ፈታት።

ደረቱ እንደ መጽሐፍ ተከፈተ። ክንዶቹ ወጡ፣ ጭንቅላቱ ወጣ። ሁለቱ እግሮቹ በአንዲት የብረት መንጠቆ ተያይዘዋል። መሐል ላይ የተበጠሰ ጥቁር የጎማ ቀለበት አለ። አባቴ አንስቶ አሳየኝ።

"እየው፤ የተበጠሰው ጎማው ነው። ሰውዬው ምንም አልሆነም።"

በማግሥቱ ከወርክሾፕ አንድ ኦሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት ይዞ መጣ። መንጠቆው ላይ አንጠለጠለው፣ በወገቡ አሳልፎ ደረቱ ውስጥ ቪቴዋ የምትገባበት ምሰሶ ላይ ጠመጠመው፣ ገጠመ። "በጣም አታጥብቀው፤ ፕላስቲክ ነው፤ ይሰነጠቃል" እያለ ቪቴዋን እኔ እንዳጠብቅ ሰጠኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ጎማ አምስት ጊዜ ሳልቀይረው አልቀርም። የድሬ ሙቀት ጎማ አይምርም።

ካደግኩ በኋላ ስለነዚህ ሰውዬዎች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። "አክሽን ፊገር" የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሀስብሮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጂ.አይ. ጆ የተባለ ወታደር አወጣ። አሻንጉሊት ከተባለ ወንዶች ልጆች አይነኩትም ብለው ስለፈሩ አዲስ ስም ፈጠሩለት። 21 የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች አሉት እያሉ ነበር የሚያስተዋውቁት። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ኬነር የተባለው ኩባንያ የስታር ዋርስ ፊልም ሰውዬዎችን በ9.5 ሴንቲ ሜትር ሠራ። መታጠፊያቸው አምስት ብቻ ነው፦ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ። ጉልበትና ክርን አይታጠፍም። ቀላልና ርካሽ ስለነበሩ ልጆች አንድ ሳይሆን ሃያና ሠላሳ መሰብሰብ ቻሉ። ሀስብሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ወታደሩን ሲመልሰው በዚህችው ቁመት አደረገው፤ ግን ክርንና ጉልበት ሰጠው፣ ወገቡንም በጎማ ቀለበት አያያዘው። በዓመቱ ክንዱ ከላይ በኩል ዙሪያውን እንዲዞር አደረጉትና መሣሪያ በሁለት እጁ መያዝ ቻለ።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። የሠሩት ሰዎች ቪቴዋን ያደረጉት ለእኛ ብለው ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ፋብሪካ ውስጥ ለመገጣጠም ስለሚቀል ነው። ግን ድሬዳዋ ያለ አንድ መካኒክ በካቻቪቴ ከፍቶ፣ ዓይቶ፣ ገባው። መመሪያ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ልጄ ሰውዬ ልምጣ።

እህቴ ለፋሲካ ከውጭ ስትመጣ ነው ያመጣችለት። ጭንብል ያጠለቀ ጀግና ነው፤ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር። የማን ሥራ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ከካርቶኑ ሲወጣ እኔ ከልጁ በላይ ነበር የደነገጥኩት። ጭንብሉ ሲወልቅ ፊቱ የሰው ፊት ነው። የቅንድቡ ጠጉር ይታያል። ዓይኑ ውስጥ ብርሃን አለ። የእኔ ወታደር ዓይን ሁለት ነጥብ ቀለም ነው፤ እሷም ከለቀቀች ቆየች።

ድሮ ቅርጹን አንድ ባለሙያ በሰም ወይም በሸክላ፣ ከሰውዬው ገዘፍ አድርጎ በእጁ ይቀርጸዋል። ከዚያ በመሣሪያ ያሳንሱታል። ሲያንስ ደቃቅ ነገር ይጠፋል። ቀለሙም ቅርጹ በተቆረጠ መሸፈኛና በማኅተም የሚቀባ ስለሆነ ዓይን አንዳንዴ ጉንጭ ላይ ያርፋል። ዛሬ በኮምፒውተር ይቀርጻሉ፤ የተዋናዩን ፊት ራሱ በስካነር ያነሱታል። የፊቱን ቀለም ደግሞ ልክ ፎቶ እንደሚታተመው ፕላስቲኩ ላይ ያትሙታል። በዚህ በኩል ዘንድሮና ድሮ አይወዳደሩም። አዲሱ ይበልጣል፤ በጣም ይበልጣል።

መታጠፊያውም እንደዚያው። ክርኑና ጉልበቱ ሁለት ሁለት ቦታ ይታጠፋሉ። ደረቱ ያጎነብሳል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ያዘነብላል። ልጄ አንበርክኮታል፣ የሽቦ ባጃጁ ላይ ነጂ አድርጎታል፣ ግድግዳ አስወጥቶታል። የእኔ ወታደር ይህን አያልምም። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ሰው ቢሰጠኝ ኖሮ እንቅልፍ አልተኛም ነበር።

ግን ድሬ ነው የመጣው።

በግንቦት መስኮቱ ላይ አቁሞት ትምህርት ቤት ሄደ። ሲመለስ ጀግናው እንደ ደከመው ሰው ወደ ፊት ጎብጧል። የእነዚህ የዛሬዎቹ እግር ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ ይለዝባል። ለዚህ መላው ቀላል ነው። ትኩስ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነከርነው፣ ቀጥ አደረግነው፣ ወዲያው የፍሪጅ ውኃ ውስጥ ከተትነው። ቆመ። ልጄ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ አሳየ።

ሁለተኛው ችግር ግን መላ አልነበረውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። አልተወረወረም፣ አልተረገጠም። ልጄ እግሩን ወደ ጎን ሲያዞረው ቀጭኗ ዘንግ ቀጭ ብላ ቀረች። ካቻቪቴ ይዤ ቁጭ አልኩ። ገለበጥኩት። ጀርባውን፣ ታፋውን፣ የጫማውን ሥር አየሁ። ቪቴ የለም። በሙጫና በሙቀት የተዘጋ ነው። በፋብሪካ ተገጥሞ ለዘላለም ተዘግቷል።

እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ነገሩ የገባኝ። 15 ሴንቲ ሜትር ሰውዬ ከነሙሉ ክብደቱ የሚቆመው ከክብሪት እንጨት በምትቀጥን ዘንግ ላይ ነው። መታጠፊያ በበዛ ቁጥር መሰበሪያ ይበዛል። የእኔ ወታደር ቁርጭምጭሚቱ ጭራሽ አይታጠፍም፤ እግሩና ጫማው አንድ ወጥ ነው፤ ክብደትም የለውም። አይወድቅም፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ብዙ እንዲያደርግ አልተጠየቀም። ለልጄ ጥያቄ ዋናው መልስ ይህ ነው መሰለኝ።

ስለዚህ "የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው" ሲባል ዝም ብዬ አልቀበልም። እዚህ ድሬ ስለ ልብስ ስፌት መኪናም፣ ስለ ሬዲዮም፣ ስለ አሮጌው ባቡርም ይባላል፤ ያኛው ኦሪጅናል ነበር ይባላል። ግን የምናየው የተረፈውን ነው። የተሰበሩት የድሮ ሰውዬዎች ዛሬ ለምስክርነት የሉም። የእኔም አንድ አውራ ጣት የለውም። ከዚያው ዘመን ብረት የመሰለ ወርቃማ ፕላስቲክ የተደረገባቸው የትራንስፎርመርስ መጫወቻዎች አሉ፤ ሳይነኩ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጡ እንኳን ዕድሜ ሲጫናቸው በእጅ ውስጥ ይፈረካከሳሉ። ነጫጮቹ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቢጫ ይሆናሉ። ወጪ ቁጠባውም ያኔም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጡት የሂማን ሰውዬዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት እግርና ደረት ናቸው፤ ቀለምና ጭንቅላት ነው የሚለያያቸው። የብረት ቅርጽ ማውጫው ውድ ስለሆነ ደጋግመው ይጠቀሙበታል። ዛሬም እንዲያው ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህኛው ያሳስበኛል። በድሮዎቹ ቀለምና ፕላስቲክ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረትና ካድሚየም ሊኖር ይችላል፤ በተለይ ቀይና ቢጫ በሆኑት። ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመሩ አንዳንድ ኬሚካሎችም በኋላ በልጆች መጫወቻ ላይ ተከልክለዋል፤ አሜሪካ ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ስለዚህ ወታደሬን ለትንሿ ልጄ አልሰጥም። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። በዚህ አዲሱን አመሰግናለሁ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለዓይን አዲሱ። ለመጫወት፣ እስኪሰበር ድረስ፣ አዲሱ። እኔን የከፋኝ መሰበሩም አይደለም። ሁሉም ይሰበራል። የከፋኝ ልጄ ፊት ካቻቪቴ ይዤ የምገባበት በር ማጣቴ ነው። አባቴ ያን ቀን የሰጠኝን ለእኔ ልጅ መስጠት አልቻልኩም። አንድ ዕቃ ጥሩ ነው ለማለት የእኔ መለኪያ አሁን ይህ ሆኗል፦ ሲበላሽ እጅ ይገባል ወይ? አሜሪካ ውስጥ 25 ዶላር ገደማ ለሚሸጥ ሰውዬ አንዲት ቪቴ ብዙ ነገር አይደለችም። ጂ.አይ. ጆ ራሱ በትንሹ ቁመት የተመለሰበትን 25ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያከብር ጎማውን ትቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን እንደ ድሮው በኦሪንግ የሚያያዙ እንደገና መውጣት ጀምረዋል። ሳነብ ደስ ብሎኛል። የናፈቅኩት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ለቁርጭምጭሚቱ መጀመሪያ ሱፐር ግሉ ሞከርኩ። ያዘ፣ በማግሥቱ ለቀቀ። ዛሬ ጠዋት መርፌ አግዬ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቀዳዳ አወጣሁ፣ ቀጭን ሽቦ ከትቼ በሙጫ አሰርኩት። እስኪደርቅ ነገ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ እሱ ግን አስቸኩሎት ግድግዳ አስደግፎ ሲያቆመው ነበር ያገኘሁት። ቢደርቅም እግሩ ከእንግዲህ ወደ ጎን አይዞርም። ነግሬዋለሁ። "ይቁም እንጂ" አለኝ።

ጥያቄውን ከጠየቀኝ በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ይዤው አሸዋ ገበያ ወጣሁ። የወታደሬ ጎማ ላልቷል፤ ወገቡ መንገዳገድ ጀምሯል። የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ አባት ጋ ገባን። ወታደሩን አውጥቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጀርባውን አዩ።

"ይሄ ይፈታል?"

"ይፈታል ጋሼ።"

"እሰይ!" አሉና የኦሪንግ ሳጥናቸውን ሙሉውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። የመጀመሪያው ወፈረ፣ ሁለተኛው ሰፋ። ሦስተኛው ልክ ሆነ። አራት ገዛሁ።

ቤት ስንገባ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ቪቴዋን የፈታው እሱ ነው። ደረቱ ሲከፈት ትንፋሹን ዋጠ። ለረጅም ጊዜ ውስጡን አየ። መንጠቆውን ነካ፣ አሮጌውን ጎማ ሳበው፤ እጁ ላይ ተበጠሰ። ደንግጦ አየኝ።

"ጎማው ነው" አልኩት። "ሰውዬው ምንም አልሆነም።"

አዲሱን ራሱ ጠመጠመው፤ ሁለቴ አመለጠው። ቪቴዋን ሲያጠብቅ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቷል።

"በጣም አታጥብቀው።"

"አውቃለሁ፤ ፕላስቲክ ነው" አለኝ።

የተረፉትን ሦስት ኦሪንጎች በክብሪት ቀፎ አድርጎ፣ ከካቻቪቴዋ ጋር ትራሱ ሥር ከቷል። አሁን ተኝቷል። ሁለቱ ሰውዬዎች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ፀሐይ ሳትወጣ ላነሳቸው ይገባል።