ውሳኔን ከነምክንያቱ መጻፍ፦ ከድሬዳዋ ሆኖ የፕሮዳክት ሥራን መምራት

የምሠራበት ድርጅት የችርቻሮ ሱቆች ከአከፋፋዮች ዕቃ የሚያዙበትንና የዱቤ ሒሳባቸውን የሚይዙበትን የስልክ መተግበሪያ ያቀርባል። ቢሮ የለንም፤ ፕሮግራመሮቻችን አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ናይሮቢ ይገኛሉ፣ ዲዛይነራችን በርሊን ትኖራለች፣ እኔ ደግሞ የፕሮዳክት ክፍሉን፣ ማለትም መተግበሪያው ምን ምን እንዲሠራ የሚወስነውን ክፍል፣ የምመራው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ሥራውን በጀመርንበት ጊዜ ሁላችንም በአንድ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ እንገናኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ቡድኖቹ ስለበዙ አንዱ የሌላውን ውሎ የሚያውቀው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ኃላፊነት መወጣት አይቻልም ብለው የሚያመነቱ ወጣት ባለሙያዎች እዚሁ ከተማዬ ውስጥ ስለማውቅ ነው።

ድርጅቱ ትንሽ በነበረበት ጊዜ ሥራዬ ምን እንደሚሠራና የትኛው እንደሚቀድም መወሰን ነበር። ሰው እየበዛ ሲሄድ ግን ውሳኔው በተደረገበት ጊዜ ያልነበሩ ባልደረቦች ምን እንደተወሰነ ብቻ እያወቁ፣ ለምን እንደተወሰነ ሳያውቁ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቢሮ ባለበት ድርጅት ይህን ክፍተት የሻይ ሰዓት ወሬ ይሞላዋል፤ በርቀት ለሚሠራ ድርጅት ግን የሚሞላው ነገር የለም፣ ካልተጻፈ በስተቀር። ስለዚህ የውሳኔ ማስታወሻ መጻፍን የሥራዬ ዋና ክፍል አደረግሁት። ማስታወሻው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ችግሩ ምን እንደሆነና ከማን እንደሰማነው፣ ምን ምን አማራጮች ታይተው ለምን እንደተተዉ፣ በመጨረሻም ምን ዓይነት ማስረጃ ቢመጣ ውሳኔውን እንደምንለውጥ ይገልጻል። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አዲስ የመጣ ባልደረባ ማንንም ሳይፈራ የቆየ ውሳኔን እንዲጠይቅ በር የሚከፍትለት እሱ ነው።

የጳጉሜን ጉዳይ ላንሣ። ናይሮቢ የሚገኘው የመረጃ ተንታኛችን የዱቤ አከፋፈልን ሲመረምር በመስከረም ወር ክፍያቸው የሚዘገይ ሱቆች ቁጥር ከፍ እንደሚል አየና በዚያ ወቅት የዱቤው ጣሪያ ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቀረበ። ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ ሐሳቡም ከፊቱ ካለው መረጃ በአግባቡ የተነሣ ነው። እኔ ግን ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላቸውን አንዲት እናት ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጳጉሜ ደመወዝ የላት፤ በዓሉ ግን አይቀር። ሰው ከእኔ በዱቤ ይወስዳል፣ እኔም ከአከፋፋዩ በዱቤ አመጣለሁ። መስከረም ሲያልቅ ሁሉም ይከፍላል» አሉኝ። የወር ደመወዝተኛ የነሐሴን ደመወዝ ከተቀበለ በኋላ ቀጣዩን የሚያገኘው በመስከረም መጨረሻ ነው፤ በመካከሉ ጳጉሜ 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱም 6 ቀን ስለምትጨምር ጥበቃው 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል፣ የእንቁጣጣሽና የመስቀል ወጪም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። መተግበሪያው የዱቤን ጊዜ በ30 ቀን ስለሚቆጥር፣ ሁልጊዜም በእምነት የሚከፍሉ ሱቆች በእነዚያ ጥቂት ቀናት ብቻ ባለዕዳ መስለው ይታዩ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ቢል ኖሮ ሱቆቹን የምናሳጣቸው ከዓመቱ ዋነኛ ገበያዎች አንዱን ነው። ስለዚህ ጣሪያውን ሳንነካ የመክፈያውን ቀን ወደ መስከረም መጨረሻ አዛወርነው፤ በማስታወሻውም ላይ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ያልተከፈለው ገንዘብ ከሌሎች ወራት በልጦ ከተገኘ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጻፍን። ከጊዜ በኋላ የተቀጠረ የፋይናንስ ባለሙያ ያንኑ ጥያቄ ሲያነሣ መልሱን በማስታወሻው ውስጥ ራሱ አገኘ፣ ቀጥሎም የጥቅምቱን ቁጥር ማጣራት የራሱ ሥራ አደረገው። ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ የምጠብቀው ይህንን ነው።

ሌላው ጉዳይ የአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል ሲላክ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲላክ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ስለሚጻፉ የትእዛዝ ማረጋገጫው በአንድ መልእክት ሲያልቅ፣ የአማርኛው ለሁለት ይከፈልና ወጪው እጥፍ ይሆናል። አማርኛውንም በላቲን እንጻፈው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልኩትም፤ ማረጋገጫው ስለ ገንዘብ የሚመሰክር ጽሑፍ ነውና ባለሱቁ በለመደው ፊደል፣ ያለ ጥርጣሬ ሊያነበው ይገባል። ይልቁንም ሰላምታውንና የድርጅቱን መፈክር አውጥተን የዕቃውን ብዛት፣ ጠቅላላ ዋጋውንና የሚደርስበትን ቀን ብቻ በ70 ፊደል ውስጥ አስገባን። የተቀሩት ሁለት ቋንቋዎችም በዚሁ ምክንያት አጠሩ፣ ሁሉም ተሻሻሉ።

ድሬዳዋ መሆኔ ለሥራው ጠቅሞኛል። በአንድ ገበያ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ እየቀያየሩ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስላሉ የትርጉም ጉድለት እዚህ ቶሎ ይታያል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው በዚችው ከተማ በመሆኑም፣ ሁለት ሲም ካርድ ይዘው አንዱን ሱቅ በሁለት ቁጥር የሚያስመዘግቡ ደንበኞችን ቀድመን ያየነው እዚህ ነው፤ የሱቁ ሒሳብ ከስልክ ቁጥሩ ተለይቶ እንዲያዝ የወሰንነውም ከዚያ ተነሥተን ነው። ሆኖም ድሬዳዋ መላው ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በሚኖርበት ከተማ ገበያ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ባለሱቅ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ተቀምጦ እንዲያይ አደርጋለሁ። እኔም ገበያ የምሄደው በማለዳ ነው። ከእኩለ ቀን በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቆች ስለሚዘጉ ያንን ጸጥ ያለ ጊዜ ለመጻፍ አውለዋለሁ፤ የከተማዋን ልማድ ከመታገል ይልቅ ተከትሎ መሥራት ውጤት አለው።

ስለ ሰዓት ብዙ የሚባል ነገር የለኝም። ናይሮቢ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ በርሊን በበጋቸው በ1 በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የስብሰባ ሰዓትን ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ጽሑፍ ሁሉንም ነገር ይፈታል ለማለት አይደለም። ሁለት ባልደረቦች በአንድ ሰነድ ግርጌ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመላለሱ ካየሁ ደውዬ አነጋግራቸዋለሁ፤ በጽሑፍ የከረረ የሚመስለው ክርክር በድምፅ ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ስጋት ሆኖ ይገኛል። ስጋትን ደግሞ ሰው ጠይቀው ካላናገሩት በጽሑፍ አያወጣውም። የተስማሙበትን ከጥሪው በኋላ የሚጽፈው ግን ከሁለቱ አንዱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

አሁን ከማስታወሻዎቹ አብዛኞቹን የሚጽፉት ቡድኖቹ ራሳቸው ናቸው። በቅርቡ ባሕር ዳር ያለችው ባልደረባችን የተበላሸ ዕቃ የሚመለስበትን አሠራር አስመልክታ ያቀረበችው ማስታወሻ እኔ ቀደም ሲል ከደገፍኩት አማራጭ የተለየ ነበር። ከባለሱቆች የሰማችውን ከነምክንያቱ ስላስቀመጠች አሠራሩ በእርሷ ሐሳብ መሠረት ጸደቀ፤ ሥራውንም የምትመራው እርሷ ናት።