209 ሜትር ድሬ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጠዋት ጀምሬ አቧራ ስሠራ ዋልኩ። አዎ፣ አቧራ። ቡናማና ቢጫ ጠመኔ በምላጭ እፍቃለሁ፣ አደባልቃለሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ እያነሳሁ ሐዲድ ላይ እነሰንሳለሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠርገው የኖረችውን ነገር እኔ ጀርመን ተቀምጬ እፈበርካለሁ።

ነገሩ ሞዴል ባቡር ነው፤ ባቡሩን ከነሐዲዱ ከነሰፈሩ አሳንሶ መሥራት። እዚህ አገር ይሄ ነገር ሥር የሰደደ ነው። ሞዴል ባቡር የሚሠራው ሜርክሊን የሚባለው ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1859 የተቋቋመ ነው። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ፣ ምድር ቤት አውርዶ የራሱን አሳየኝ። በቃ፣ ለከፈኝ።

ግን የእሱ ዓይነት በጥድ የተሸፈነ ተራራ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው ያደግኩት። ስለዚህ ድሬዳዋን ልሥራ አልኩ።

ልኬቱ 1 ለ 87 ነው። ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠረጴዛዬ 2 ሜትር ከ40 ስለሆነ 209 ሜትር ድሬ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የነበረው አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። እሱን በዚህ ልኬት ልሥራ ብል 9 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ያስፈልገኛል። ባለቤቴ ይሄኛውም ሳሎን መግባቱን ገና አልተቀበለችውምና ስለ 9 ኪሎ ሜትሩ ዝም ብያለሁ።

ሐዲዱ አላስቸገረም። የእኛ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለስዊዝ የተራራ ባቡሮች የሚሸጥ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለ፣ እሱን ገዛሁ። ችግሩ ከሥሩ የተጋደመው እንጨት መምሰሉ ነው። የእኛ ብረት ነበር። አንድ በአንድ ዝገት ቀባሁት።

መሬቱ ነው ያስለቀሰኝ። ሱቅ ገባሁ። የጸደይ አረንጓዴ አለ፣ የበጋ አረንጓዴ አለ፣ የተራራ መስክ አረንጓዴ አለ። የቀትር ድሬ የሚባል የለም። ቤቴ ተመልሼ ከትዝታዬ ቀባሁት፤ ቡናማ፣ ደመቅ ያለ። ቸኮሌት መሰለ። በኋላ የድሮ ፎቶዎቻችንን አወጣሁ። መሬቱ ቡናማ አይደለም! ፀሐይ የበላው፣ የገረጣ፣ ወደ ነጭ ሊሄድ ምንም ያልቀረው ነው። ባዶ እግሬን የሮጥኩበትን መሬት ቀለሙን አላውቀውም ነበር።

ከዚያ አሸዋ በእናቶች ስቶኪንግ ነፋሁ። የእንጨት ኮላ ከውሃ ጋር እኩል በጥብጬ በስሪንጅ አንጠባጠብኩ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ማድረግ እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም። ሳሙና ከሌለው አይሰርግም። ውሃው እንደ ዶቃ ድብልብል አለና አሸዋውን እየገፋ ቁልቁል ወረደ። «ደቻቱ ሞላ!» ብዬ ጮህኩ፣ ለብቻዬ እየሳቅኩ። ደቻቱ ድሬን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። ወዲያው ሳቁ ጠፋብኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። በዚህ አይቀለድም።

ደቻቱን እንደብዙ ጊዜው ደረቅ አድርጌ ሠራሁት፤ አሸዋ ብቻ፣ መሀሉ ላይ የእግር መንገድ። ባልደረባዬ መጥቶ አየና «ወንዙን መቼ ትጨርሰዋለህ?» አለኝ። ጨርሻለሁ አልኩት። ውሃ የሚመስል ሙጫ ሊያበድረኝ ሁሉ ፈልጎ ነበር።

ግራሩም አሳሩን አሳይቶኛል። የመዳብ ሽቦ ከአሮጌ ገመድ አወጣሁ፣ ጠመዘዝኩ፣ ቅጠል አለበስኩ። የመጀመሪያው የአበባ ጎመን ሆነ። ሁለተኛው የካፌ ጃንጥላ። ለካ ቅጠሉን ነበር የማበዛው። ግራር ሲያዩት ሰማይ በመሀሉ መታየት አለበት። ከሥር ጀምሮ ቅርንጫፉን በታትኜ፣ አናቱን ጠፍጥፌ፣ ቅጠሉን ቆጠብ ሳደርግ መጣልኝ።

ሰዓቱን ከቀኑ 8 ሰዓት አደረግኩት። መብራቱ ከአናት፣ ጥላው አጭር። በ8 ሰዓት ድሬ ላይ ማን ውጪ አለ? ሁሉም በርጫ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ትንንሾቹ ሰዎች ዋጋቸው አይቀመስም። ሦስት ፍየልና አንድ ዘበኛ ይበቃሉ። ፍየሎቹ ነጭ የተራራ ፍየሎች ነበሩ፣ ቀለም ቀባኋቸው።

ማታ እማዬ በኢሞ ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አዞርኩላት። መጀመሪያ ያየችው ደቻቱን አይደለም፣ ግራሩንም አይደለም።

«ያ ጤፍ ነው እንዴ?»

ጥግ ላይ፣ አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ፣ ለሐዲድ ጠጠር ቀይ ጤፍ ሞክሬ ነበር። ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ሲሉት ግን ጤፍ ነው።

«የተረፈች ናት እማዬ።»

«እህል መሬት ይደፋል? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

ነገ አነሳዋለሁ ብዬ ማልኩላት። ከዚያ ቤታችንን አሳየኋት። በካርቶን የሠራሁት ነው፣ በረንዳው የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አስጠጋች። ግንባሯ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ዝም አለች። አባቴን ያስታወሰች መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ።

«በረንዳዬን እንዲህ አቧራ አልብሰህ ነው ለፈረንጅ የምታሳየው?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደረቅ ብሩሽ አነሳሁ። የእሷን በረንዳና ከፊቱ ያለውን ደረጃ ጠረግኩ። ከ209 ሜትሩ ንጹሕ የሆነው እሱ ብቻ ነው።