ዱካክ ደረት ላይ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ቅሞ፣ ምርቃናውን በጨብሲ ሰብሮ ሊነጋጋ ሲል የሚተኛ ሰው ዱካክን ያውቀዋል። ዓይን ይከፈታል፣ ክፍሉ ይታያል፣ ሰውነት ግን አይታዘዝም። ጥግ ላይ የቆመው ጥቁር ነገር ቀስ ብሎ መጥቶ ደረት ላይ ይወጣል። ይህን የሚነግራችሁ ሰው አልዋሸም፤ አላበደምም።

ሕልም በምናይበት እንቅልፍ አንጎል ጡንቻዎችን ያስራል። ዱካክ የሚመጣው ንቃቱ ቀድሞ እስሩ ሲዘገይ ነው፤ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ። ያኔ የሚያስተነፍሰን በዋናነት ድያፍራም፣ ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ፣ ነው፤ የጎድን ጡንቻዎች ታስረዋል። ደንግጠን በኃይል አየር ልንስብ ስንል ደረት እምቢ ይላል፣ የተጫነን ነገር ያለም ይመስለናል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል፤ መጠጥ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሕልሙን አፍኖ ኋላ ላይ ደራርቦ ይለቀዋል። የሚያዝያና የግንቦት ሙቀትም እንቅልፍ ይቆራርጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የጥናቶች ግምገማ ከ100 ሰው 8 ያህሉ፣ ከ100 ተማሪ ግን 28 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ አጋጥሟቸዋል።

የፈራ አእምሮ «ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «ማነው?» ይላል። መልሱን አገሩ ያቀብለዋል፦ እኛ ዘንድ ዱካክ፣ ግብፅ ጂን፣ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደግሞ አሮጊት። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፃውያንና ዴንማርካውያን ሲነጻጸሩ ግብፃውያኑ ላይ ይበዛል፣ ይረዝማል፣ የሞት ፍርሃቱም ይበረታል። ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እምነቱ ፍርሃት ይወልዳል፣ ፍርሃቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ደግሞ ያንኑ ዱካክ መልሶ ይጠራል።

ትራስ ሥር ቢላ የሚገባው፣ ክታብ የሚታሰረው ዱካኩ በበረታበት ሰሞን ነው። የበረታ ነገር በራሱ ጊዜም ይረግባል፤ ምስጋናውን ግን ቢላው ይወስዳል። ቢላው እያለ የመጣበት ሌሊት አይቆጠርም። የማታ ጸሎት ግን ልብን ያሳርፋልና ማንም እንዲተወው አልመክርም።

ሲይዛችሁ ለመነሳት አትታገሉ፤ ትግሉ ድንጋጤውን ያባብሰዋል። ረጋ ብላችሁ ተንፍሱ፣ አንድ የእግር ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ሲለቃችሁ ወዲያው አትተኙ፣ ያንኑ ይመልሳል፤ መብራት አብሩና ፊታችሁን ታጠቡ። በጀርባ መተኛት ስለሚያባብሰው ከኋላ ትራስ ደግፋችሁ በጎን ተኙ። አጠገባችሁ የተኛ ሰው ሲያቃስት ከሰማችሁ ንኩት፤ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል። ቀን ላይ ድንገት እንቅልፍ የሚጥለው፣ ወይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ግን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ያ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል።