ከአውሬው በፊት ዙፋኑን፦ የራእይን ምዕራፍ 4 እና 5 ለወጣቶች እንዴት እንዳስተማርኩ

የዮሐንስ ራእይን ለወጣቶች ስትከፍት የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «666 ምንድን ነው?» ቀጥሎ ስለ አውሬው ይጠይቃሉ። ከዚያ ቲክቶክ ላይ ስለ ዓለም ፍጻሜ ያዩት ሁሉ ይዘረገፋል። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን አስተምራለሁ፤ ይህን ያልጠየቀ ክፍል አላጋጠመኝም። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን የአውሬው ነገር በሰፊው የሚመጣው ምዕራፍ 13 ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ምዕራፍ 4 ላይ፣ በሰማይ በር ተከፍቶ ዙፋን ይታያል። «ዙፋን» የሚለው ቃል በዚህ መጽሐፍ ከ40 ጊዜ በላይ ተጽፏል። ዙፋኑን ቀድሞ ያየ ልጅ አውሬው ጋ ሲደርስ ማን እንደሚገዛ ያውቃል።

ስለዚህ ኅዳርን በሙሉ ለዙፋኑ ሰጠሁት። ወሩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ኅዳር 8 የአርባዕቱ እንስሳ (የአራቱ እንስሶች)፣ ኅዳር 24 ደግሞ የካህናተ ሰማይ (የሀያ አራቱ ሽማግሌዎች) በዓል ነው። ዮሐንስ ዙፋኑን ከብበው ያያቸው እነዚሁ ናቸው። ደግሞ በኅዳር የድሬ ሙቀት ጋብ ይላል። ቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ልጅ ረጋ ብሎ የሚቀመጥበት ወር ነው።

ከራእይ አልጀመርንም። ዮሐንስ ያየውን ከእሱ በፊት ኢሳይያስ፣ ሕዝቅኤልና ዳንኤልም በየዘመናቸው አይተውታል፤ እነሱን ያላነበበ ሰው ራእይ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ዱብ ዕዳ ይሆንበታል። ዘዴዬ ቀላል ነበር። አንድ ልጅ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌሎቹ ይሰማሉ። ማብራሪያ የለም። ምዕራፉ ካለቀ በኋላ እንደገና ይነበባል። ጥያቄ የሚፈቀደው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ነው። ይህን ለማንኛውም አስተማሪ እመክራለሁ፤ እኛ ቶሎ ቶሎ ስናብራራ ልጆቹ ቃሉን ሳይሆን እኛን ነው የሚሰሙት።

ኢሳይያስ 6 የሚጀምረው «ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት» ብሎ ነው። ዖዝያን ማን እንደሆነ ከሁለተኛ ዜና መዋዕል 26 አነበብን። ኃያል ንጉሥ ነበር። ልቡ ታበየና ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን እኔ ላጥን ብሎ መቅደስ ገባ። ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት፤ እስኪሞት ድረስ ተለይቶ ኖረ። እሱ በሞተበት ዓመት ኢሳይያስ የማይሞተውን ንጉሥ አየ። መልኩን ግን አይነግረንም። የልብሱ ዘርፍ ብቻ መቅደሱን ሞልቶታል። ሱራፌል የተባሉት መላእክት እንኳ በሁለት ክንፋቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚለው ጩኸት የመድረኩን መሠረት ያናውጣል። ነቢዩም «ወዮልኝ» አለ። እዚህ ጋ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ነቢይ ሆኖ እንዲህ ካለ እኛማ?» አለች። መልሱን ከመጽሐፉ ራሷ እንድታነበው አደረግኩ፤ መልአኩ ከመሠዊያው በጉጠት የወሰደውን ፍም ይዞ መጣ፣ ከንፈሩን ዳሰሰ፣ «ኃጢአትህም ተሰረየልህ» አለው።

ሕዝቅኤል 1 ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰድን። ሕዝቅኤል ካህን ነው፤ ነገር ግን ባቢሎን ውስጥ ምርኮኛ ሆኖ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ተቀምጧል። መቅደሱ ሩቅ ነው። ዙፋኑ ግን መንኰራኵር አለው፤ ምርኮኛው ወዳለበት መጣ። ከዙፋኑ በታች ያሉት የአራቱ እንስሶችም ክንፍ ድምፅ «እንደ ብዙ ውኃ ድምፅ» ነበር።

ይህን ለድሬ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እኛ ጋ ጠብ ሳይል ውኃው ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ተማሪዎቼ ያኔ አልነበሩም፤ ወላጆቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ አባቱ የነገሩትን ይዞ መጣ። ውኃውን ከማየታቸው በፊት መሬቱ ሲያጉረመርም ሰምተዋል፤ ጎን ለጎን ቆመው ሲጮሁ እንኳ መደማመጥ አልቻሉም። ክፍሉ ይህን ከሰማ በኋላ ራእይ 1 ላይ የክርስቶስ ድምፅ እንደ ብዙ ውኆች ድምፅ ነበረ የሚለውን አነበብን። ሁለተኛ ንባብ አላስፈለገም። የእግዚአብሔርን ግርማ ስናስተምር ፍቅሩን እንዳናስረሳ ብለን ፍርሃቱን እናለዝበዋለን። እኔ ግን ልጆቹ ግርማውን በደንብ ሲሰሙት ነው ፍቅሩን ይበልጥ ሲያከብሩት ያየሁት።

ዳንኤል 7ን ፈጠን ብለን አለፍን፤ የእሳቱን ወንዝና ሺህ ጊዜ ሺህ የሚያገለግሉትን ብቻ ያዙ አልኳቸው።

ራእይ 4 ላይ ወረቀትና ከለር አከፋፈልኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ መጽሐፉ በሚናገርበት ቅደም ተከተል ሳሉ። መጀመሪያ ዙፋን። ከዚያ መረግድን፣ አረንጓዴውን ዕንቍ፣ የመሰለው ቀስተ ደመና። ሀያ አራቱ ሽማግሌዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው። የብርጭቆው ባሕር። አራቱ እንስሶች፦ አንበሳ፣ ጥጃ፣ ሰው፣ ንስር። እነዚህን በሥላሴ ሥዕል ማዕዘኖች ላይ እያዩ ስላደጉ ለመሳል አልቸገራቸውም። የቸገራቸው መሃሉ ነው። «አቦ ጋሼ፣ ዙፋኑ ላይ ምን እናድርግ?» ዮሐንስ እዚያ ላይ የተቀመጠውን በኢያስጲድና በቀዩ የሰርዲኖን ዕንቍ ከመመሰል ሌላ አልተናገረም። አብዛኞቹ ክፍት ተዉት። አንዲት ልጅ ቀይ ከለሯን ጫን አድርጋ መሃሉን ሞላችው፤ ዙሪያውን በአረንጓዴ ከበበችው፤ ሌላ ምንም መስመር አልጨመረችም። ያ ወረቀት አሁንም አዳራሹ ግድግዳ ላይ አለ።

ምዕራፍ 5ን ሆን ብዬ መሃል ላይ አቆምኩት። በሰባት ማኅተም የታተመ መጽሐፍ አለ፤ ሊከፍተው የሚገባው ግን በሰማይም በምድርም አልተገኘም፤ ዮሐንስ እጅግ አለቀሰ። እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋሁና ወደ ቤት ሸኘኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሾቹ ጨርሰውት መጡ። ልቤ የነበረውም ይኸው ነው። ሽማግሌው «አታልቅስ» ብሎ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነስቷል ይላል። ዮሐንስ ዞር ሲል የሚያየው እንደ ታረደ ሆኖ የቆመ በግ ነው። ከዚህ በኋላ ዝማሬው እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ እንስሶቹና ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ቁጥር የሌላቸው መላእክት፣ በመጨረሻ በሰማይ፣ በምድር፣ ከምድር በታችና በባሕር ያለ ፍጥረት ሁሉ። ሽማግሌዎቹ በያዙት የወርቅ ዕቃ ውስጥ ያለው ዕጣን የቅዱሳን ጸሎት ነው። ብዙም የማይናገር አንድ ልጅ «ማታ ለእናቴ የምጸልየውም እዚያ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይደርሳል አልኩት።

ከዚያ ወደ ምዕራፍ 13 ገባን፤ ስለ 666 እንመለስበታለን ያልኳቸውን ቃሌን መጠበቅ ነበረብኝ። ስለ ቁጥሩ የሚባለውን አብራራሁ። ልጆቹ ግን ቀጣዩን ጥቅስ ራሳቸው አነበቡ። 666 ተጠርቶ ምዕራፉ ሲያበቃ፣ ምዕራፍ 14 በጉ በጽዮን ተራራ ቆሞ ይጀምራል። ቀጥሎም ከሰማይ እንደ ብዙ ውኃ ድምፅ ይሰማል። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ፤ ሁሉም «ደቻቱ!» ይላል።

ወሩ ሲያልቅ ለቅዳሴ ማልደን ገባን። ጆሯችሁን ጣሉ ብያቸው ነበር። በፍሬ ቅዳሴው፣ በቅዳሴው ዋና ክፍል፣ ላይ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲል ካህኑ የዳንኤልን አእላፋት ያነሳል። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» (ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ) ሲባል ሁለት ክንፍ ለፊት፣ ሁለት ክንፍ ለእግር የሚለው የኢሳይያስ ቃል ይመጣል። ከዚያ ሕዝቡ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት» ይላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚሉት ነው። በዚያን ቀን ግን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሉት አውቀው አሉት። ከጀርባቸው የቆሙ አንዲት እናት ዞር ብለው «ዛሬ እነዚህ ልጆች ምን ሆነዋል?» አሉኝ።

ይህን መሞከር ለሚፈልግ፦ ስልክ ላይ ያለውን ሳይሆን የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ አስይዙ፤ መልእክት ሲገባ ንባቡ ይቋረጣል። ምዕራፍ 4ን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጡ። ቅዳሴውን ደግሞ ከንባቡ አታርቁት፣ ሲራራቅ ይረሳል። እኛ በሚቀጥለው ኅዳር ምዕራፍ 7ንና 19ን እንይዛለን። ምዕራፍ 19 ላይ «ሃሌ ሉያ» አራት ጊዜ አለ፤ አራቱንም ልጆቹ በዜማ እንዲያወጡት አንድ መሪጌታ ከአሁኑ ለምኜ አስማምቻለሁ።