ሰባት ዱላና አንድ ጋቢ፦ በኑሮ ውድነት መሃል ለጎልፍ ውጭ አገር መውጣት

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጎልፍ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሃንዲካፔ ከ41 ወደ 27 ወርዷል። ለማያውቀው፣ ሃንዲካፕ ማለት ደካማው ተጫዋች ከጎበዙ ጋር እንዲፎካከር የሚሰጠው የምት ድጎማ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሰውየው ጎብዟል ማለት ነው። 27 የሚያስፎክር ነገር አይደለም፤ ከ41 ለመጣ ሰው ግን ብዙ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ምቴ ሳይሆን ስለ ኪሴ ነው፣ ምክንያቱም «የአውቶቡስ ሹፌር ሆነህ በዚህ ኑሮ እንዴት ፖርቱጋልና ቱርክ ሄደህ ጎልፍ ትጫወታለህ» የሚለው ጥያቄ አሰልችቶኛል፣ ከጠያቂዎቹም ግማሾቹ ሎተሪ ደርሶት ደብቆናል ብለው ነው የሚያስቡት።

የምኖረው ለንደን ነው። የምጫወተው ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ ባለው የሕዝብ ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተው የክለብ አባልነት ለመክፈል አቅም ለሌለው ሠራተኛ ተብሎ ስለሆነ እኔም ያለ ሃፍረት እገባበታለሁ። ችግሩ ብርዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ኳሷ ከወደቀችበት አትንቀሳቀስም። አራት ወር እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ደግሞ የተማርኩት ሁሉ ይጠፋል። የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ነው ያለፈው፤ መጋቢት ላይ ስመለስ ከዜሮ ጀመርኩ።

ውጭ የመሄዱ ሐሳብ የመጣው በጥቅምት 2022 ነው። ልብ በሉ፣ በዚያ ወር የእንግሊዝ የዋጋ ንረት 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር፣ ከ41 ዓመት ወዲህ ያልታየ። የመብራትና የጋዝ ሒሳብ ሲመጣ ፖስታውን ለመክፈት የምንፈራበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ ስነግራት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ «ዘይት ስንት እንደገባ ታውቃለህ? አንተ ኳስ ፍለጋ ፖርቱጋል!» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። በመጨረሻ የተስማማነው ከትርፍ ሰዓት ሥራ ከማገኘው ብቻ እንጂ ከቤት ገንዘብ አንድ ሳንቲም እንዳልነካ ነው። ጣሪያው 400 ፓውንድ።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው አገኘሁ። ጡረታ የወጡ፣ ደብረ ብርሃን ያደጉ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የገና ጨዋታ ተጫውተዋል፤ እሳቸውን ጎልፍ ላይ ያስቸገራቸውም እሱ ነው። ገና ላይ ሩሯን እየሮጥክ ነው የምትለጋት። ጎልፍ ላይ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ ጭንቅላትህን ሳታነቃንቅ፣ ዱላው ራሱ ሥራውን እንዲሠራ መተው አለብህ። ጋሼ ከመቱ በኋላ ሁለት እርምጃ ይሮጣሉ። ኳሷ ዛፍ ውስጥ ስትገባባቸው ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን እቆጣለሁ።

የመጀመሪያው ጉዞ ጥር 2023 ላይ ነበር፣ ወደ አልጋርቭ፣ የፖርቱጋል ደቡብ ዳርቻ። ፋሮ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደህ ቪላሞራና ኳርቴራ ቅርብ ናቸው። እዚያ የጎልፍ ዋጋ የሚወደደው በፀደይና በበልግ ነው፤ ሰዉ ሁሉ መጋቢትና ሚያዝያ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይጎርፋል። ጥር ላይ ሆቴሉ ባዶ፣ ሜዳው ባዶ። ሙቀቱ ቀን ላይ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አልፎ አልፎ ይዘንባል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይኼ አየር ብርድ አይባልም፣ ሹራብ ደርቦ መጫወት ነው። ያረፍንበትን ባለ ሁለት አልጋ አፓርትመንት በሌሊት 32 ዩሮ ለሁለት ተካፈልነው። ሁለት ዙር በ45፣ 45 ዩሮ ተጫወትን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለሚገባ ሰው በሚሰጠው ቅናሽ በ30። እሱ ዋጋ በብዙ ሜዳ ላይ አለ፤ ካልጠየቅህ ግን ቀድሞ የሚነግርህ የለም። ቀኑ አጭር ስለሆነ 18ቱን ጉድጓድ ላትጨርስ ትችላለህ። እኛ 16ኛው ላይ መሸብን፣ የመጨረሻዋን ኳስ በስልክ መብራት ፈለግናት። አላገኘናትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሁሉም ሰው ዓይን የሜዳ መግቢያው ዋጋ ላይ ነው። የሚበላህ ግን እሱ አይደለም፣ ዙሪያው ነው። አውሮፕላኑ ለእኔ 52 ፓውንድ ነበር፣ የጎልፍ ሻንጣው ደርሶ መልስ 70 ፓውንድ! ከሰው በላይ ዱላ ይከፍላል። ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ያን ሁሉ ተሸክሜ የምዞረው ለማን ነው? ስለዚህ እኔ ሰባት፣ ጋሼ ሰባት ወሰድንና ሁሉንም አንድ ሻንጣ ውስጥ ከተትናቸው። ጫፋቸው እንዳይሰበር የጋሼን ጋቢ ጠቀለልንበት። ክፍያውን ለሁለት ተካፈልን፣ 35፣ 35። በራሳችን በጣም ኮርተን ነበር።

ኩራቱ ሜዳው በር ላይ አለቀ። መነሻው ላይ ተራ የሚያስይዘው ሰውዬ ሻንጣችንን አየና «የሁለተኛው ሰው ሻንጣስ?» አለ። ለካ ብዙ ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ሻንጣ ከሌለው አያስገቡትም፤ ሁለት ሰው ከአንድ ሻንጣ እየመዘዘ ሲጫወት ጨዋታው ይጓተታል፣ ከኋላ ያለው ይጠብቃል። ከፍለናል፣ ተራችን ሊደርስ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት ጋሼ «አንተ ልጅ ዝም በል» አሉኝና ሰባት ዱላቸውን ከሻንጣው አወጡ፣ በጋቢው ጠቀለሉ፣ መሃሉን በጫማቸው ማሰሪያ አሰሩና እንደ ጭራሮ እስር ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። «ይኸው፣ የኔ ሻንጣ።» ሰውዬው መጀመሪያ ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ከጓዳ አንድ አሮጌ ሻንጣ አምጥቶ አበደራቸው። ጋሼ አንድ እግር ጫማቸው ልቅ ሆኖ ነው አራት ሰዓት የተጫወቱት። ለንደን እንደተመለስን እያንዳንዳችን ታጥፎ ልብስ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የዱላ ከረጢት ገዛን፣ 25 ፓውንድ።

ሁለተኛው በላተኛ ያቺ ትንሿ መኪና ናት፣ ቡጊ የሚሏት። ለአንድ ዙር የምትጠይቀው አንዳንዴ ከሜዳው ዋጋ ግማሽ ይደርሳል። እግር ካለህ በእጅ የሚገፋውን ጋሪ በ6 ዩሮ ተከራይ። ሦስተኛው ኳስ ነው። ጀማሪ በአንድ ዙር ስድስት ሰባት ኳስ ያጠፋል፣ ከሜዳው ሱቅ አዲስ መግዛት ደግሞ እብደት ነው። ከኩሬ ወጥተው ታጥበው የሚሸጡ አሉ፣ እነሱን ከቤትህ ይዘህ ሂድ። ጠቅላላው 390 ፓውንድ ግድም ወጣ። ባለቤቴ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ምንም አላለችም። እኔ እንደ ማለፊያ ውጤት ነው የቆጠርኩት።

ከመሄዳችሁ በፊት ሃንዲካፕ አውጡ። የክለብ አባል መሆን ግድ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ አይጎልፍ በሚባለው የእንግሊዝ ጎልፍ ማኅበር አገልግሎት ማንኛውም ሰው በትንሽ የዓመት ክፍያ ማውጣት ይችላል። 54 ጉድጓድ፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙር ተጫውቶ ውጤት ማስገባት ነው። ውጭ አገር አንዳንድ ሜዳ ወረቀቱን ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሃንዲካፑ ከ28 በላይ የሆነ ወንድ አያስገባም። የእኔ ያኔ 38 ስለነበር ሁለት ሜዳ መልሶኛል። ቪዛውንም አትርሱ። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወንድማችን ፖርቱጋል ለመግባት ሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ክፍያው ከሰኔ 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ሆኗል። ይኼን ከትኬቱ ጋር ሳይደምር «ርካሽ አገኘሁ» ያለ ጓደኛ ነበረን።

ቱርክን ያየሁት በታኅሣሥ 2023 ነው። እዚህ ላይ ስህተቴን ልናዘዝ። የቱርክ ገንዘብ ሊራ በ2021 ብቻ ከዶላር አንጻር 44 በመቶ ገደማ ወድቋል። እኔም «ሊራ ወድቋል፣ ስለዚህ ጎልፉ በነፃ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ቤሌክ ላይ ግን፣ አንታልያ አጠገብ ያለችው የጎልፍ ከተማ፣ የሜዳ ዋጋ የሚጻፈው በዩሮ ነው። ሊራው ቢወድቅ ለአንተ ምንም የሚተርፍህ የለም። አገሬው ራሱ በጥቅምት 2022 የዋጋ ንረቱ 85 በመቶ ገብቶበት ነበር፤ አንታልያ ገበያ ብርቱካን የገዛሁበት ሻጭ ዋጋ የሚጽፍባትን ካርቶን ደጋግሞ ከመፋቁ የተነሳ ልትቀደድ ደርሳለች።

ቤሌክ የሚያዋጣው በሌላ መንገድ ነው። ሆቴሉ ምግብና መጠጥ ጨምሮ ነው የሚሸጠው፣ ከጎልፉ ጋር አንድ ላይ። 5 ሌሊት ከ3 ዙር ጋር 590 ፓውንድ ከፈልኩ፣ ከአውሮፕላኑ ውጭ። ከፖርቱጋሉ ይበልጣል፣ ግን እዚያ ከገባህ በኋላ ኪስህ ውስጥ እጅህን አትከትም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዋጋው ሌላ ነው። ታኅሣሥ የሚረክሰው ዝናብ ስላለ ነው፣ እኛንም አንድ ቀን ነጎድጓድ ከሜዳ አባሮናል። በማግስቱ ዙሩን መለሱልን። ናሽናል የሚባለው፣ በ1994 የተከፈተው የአካባቢው ቀዳሚ ሜዳ፣ ጥድና ባሕር ዛፍ መሃል ነው። ከዝናቡ በኋላ ያ የባሕር ዛፍ ሽታ ሲመጣ ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «እንጦጦ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከኋላችን የነበሩት ጀርመኖች ጠበቁን።

አንድ ክፉ ነገርም ልንገራችሁ። ከቱርኩ በፊት ስሙን የማልጠቅሰው ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት «ቶሎ ካልያዛችሁ ያልቃል» ብሎ አጣድፎን 120 ፓውንድ በባንክ አስተላለፍኩለት። ከአንድ ወር በኋላ ስልኩ አይነሳም። ገንዘቡም ሰውየውም የሉም። ኑሮ ሲከብድ ደንበኛ ይቀንሳል፣ ድርጅቶችም ይከስራሉ፤ ቶማስ ኩክን የሚያህል የጉዞ ኩባንያ እንኳ መስከረም 2019 በአንድ ሌሊት ተዘግቷል። ያኔ 150 ሺህ ገደማ ሰው ውጭ አገር ቀርቶ ነበር፤ መንግሥት አቶል የሚባለው፣ አስጎብኚው ቢከስር ተጓዡን የሚጠብቀው ዋስትና ያለውንም የሌለውንም ወደ ቤቱ መለሰ። እኔ ግን በዚያ ዓይነት ዕድል አልተማመንም። አሁን አውሮፕላንና ሆቴል አንድ ላይ ስገዛ የአቶል ወረቀቱን ሳላይ አልከፍልም። ክፍያውንም በክሬዲት ካርድ አደርጋለሁ፤ በእንግሊዝ የ1974 (እ.ኤ.አ.) የሸማቾች ብድር ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30 ሺህ ለሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሻጩ ቢከስር ካርዱን የሰጠህ ባንክ ይጠየቅልሃል። በባንክ ያስተላለፍከው ግን ይኼ ጥበቃ የለውም። ያችን 120 ለባለቤቴ የነገርኳት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ስለ ጨዋታውም ትንሽ። ሰባት ዱላ ብቻ መያዙ ያልጠበቅሁትን ጥቅም አመጣልኝ። የያዝኩት «እንጨት» ከሚባሉት ዱላዎች 3 ቁጥሩን፣ አንድ ሃይብሪድ፣ 7 እና 9 አይረን፣ ለአጭር ምት ሁለት ዌጅና ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምታንከባልልበት ፓተር ነው። ሩቅ የሚመታውን ዱላ፣ ድራይቨሩን፣ ቤት ተውኩት። ምርጫ ስለሌለኝ በአንዱ ዱላ ግማሽ ምት፣ ሩብ ምት መምታት ግድ ሆነብኝ፣ ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር፣ አጠገብ ያለው ጨዋታዬ የተሻሻለው ከዚያ ነው። በስቴብልፎርድ አቆጣጠር (እዚህ ብዙ ነጥብ ነው የሚሻለው)፣ 36 ነጥብ ማለት እንደ ሃንዲካፕህ ተጫወትክ ማለት ሲሆን፣ ፖርቱጋል ላይ 19 ነበርኩ፣ ቤሌክ የመጨረሻው ቀን 34። ባንከር በሚሉት የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ግን አሁንም አሸዋውን ነው የምመታው፣ ኳሷ እዚያው ናት።

የሚቀጥለው ጥር ላይ ተመልሰን አልጋርቭ ነን። ብዙ አስጎብኚዎች ስምንት ሰው ለሚያመጣ ቡድን የአንዱን ጎልፍ በነፃ ይሰጣሉ፣ ያንን ለስምንት ስንካፈለው ለሁሉም ይቀንሳል። እስካሁን ሰባት ነን። ሃንዲካፕ ያወጣ፣ ሻንጣ ለመጋራት የማይጠላ፣ ሲሸነፍ የማይቆጣ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ጋቢ ጋሼ ይዘዋል።